ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን በሆቴል ለይቶ ማቆያ በኩል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ የተመለሰ ሰው የቤቱን ደጃፍ ከመርገጡ በፊት መንግሥት በመረጠለት ሆቴል አሥራ አንድ ሌሊት ማደርና ሂሳቡንም ከራሱ ኪስ መክፈል ነበረበት። ደንቡ ከተሻረ ዓመታት አልፈዋል። ጥያቄው ግን አሁንም ይነሳል፤ አንዱ የከፈለው ገንዘብ ስለሚቆጨው፣ ሌላው አዲስ ወረርሽኝ በተሰማ ቁጥር ያ ነገር ተመልሶ ይመጣ ይሆን ብሎ ስለሚሰጋ። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ በቅንፍ የገቡት የአውሮፓውያን ናቸው።

ኢትዮጵያ በብሪታንያ ቀይ መዝገብ ውስጥ የነበረችው ከመቼ እስከ መቼ ነው?

ቀይ መዝገብ የተባለው ከእነሱ የሚመጣ መንገደኛ ሆቴል እንዲገባ የተወሰነባቸው አገሮች ዝርዝር ነው። የሆቴሉ ግዴታ በእንግሊዝ የጀመረው የካቲት 8 ቀን 2013 (ፌብሩዋሪ 15፣ 2021) ነው። ኢትዮጵያ ከኦማን፣ ከሶማሊያና ከኳታር ጋር መጋቢት 10 (ማርች 19) መዝገቡ ላይ ሰፈረች፤ የወጣችው ጥቅምት 1 ቀን 2014 (ኦክቶበር 11፣ 2021) ነው። ሰባት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መሆኑ ነው። ፋሲካ፣ ፍልሰታ፣ እንቁጣጣሽና መስቀል ሁሉም በዚህ መካከል አለፉ፤ ለአገር ቤት ጉዞ ከዚህ የከፋ ወቅት መምረጥ ያስቸግራል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ኦሚክሮን የተባለው ዝርያ ሲመጣ መዝገቡ እንደገና ቢከፈትም፣ የተጻፉበት የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችና ናይጄሪያ ነበሩ። ታኅሣሥ 6 ቀን 2014 (ዲሴምበር 15፣ 2021) ባዶ ሆነ።

ምክንያቱ ምን ነበር? በኢትዮጵያ በሽታው ያን ያህል ተስፋፍቶ ነበር?

የተሰጠው ምክንያት በኢትዮጵያ ያለው የታማሚ ቁጥር አልነበረም። መንግሥት የፈራው መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካና በብራዚል የታዩት የቫይረሱ ዝርያዎች በእነዚህ አገሮች በኩል ሊገቡ ይችላሉ በሚል ነው። ቦሌ የአፍሪካ ትልቅ የአየር መናኸሪያ በመሆኑ የምንኮራበት ነገር በዚያ ሰሞን ዋጋ አስከፈለን ማለት ይቻላል።

በትክክል ስንት ይከፈል ነበር?

በመጀመሪያ ለአንድ ሰው በአንድ ክፍል 1,750 ፓውንድ። በዚያው ክፍል ለሚጨመር ከ11 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው 650 ፓውንድ፣ ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 325 ፓውንድ፤ ከ5 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነጻ። ከነሐሴ 6 ቀን 2013 (ኦገስት 12፣ 2021) ጀምሮ የመጀመሪያው ሰው ዋጋ 2,285፣ የተጨማሪው ሰው 1,430 ፓውንድ ደረሰ። የልጆቹ ባለበት ቆየ።

በቤተሰብ እናስላው። ባልና ሚስት ከስድስትና ከዘጠኝ ዓመት ልጆቻቸው ጋር በግንቦት ቢመለሱ 3,050 ፓውንድ ይከፍሉ ነበር፤ ያው ቤተሰብ ለእንቁጣጣሽ ሄዶ ቢመለስ 4,365 ፓውንድ። ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት ከ12 ዓመት ልጇ ጋር ብትጓዝ፣ ልጁ እንደ ጎልማሳ ስለሚቆጠር ሂሳቡ ከባልና ሚስት እኩል ነው፦ 2,400 የነበረው 3,715 ፓውንድ ሆኗል። የአውሮፕላን ትኬቱና ከመነሳት በፊት የሚደረገው ምርመራ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ዋጋው የገቢ መጠንን አይመለከትም። በባንክ የሚሠራውም፣ ሌሊት ቢሮ የምታጸዳውም ለአንድ ክፍል እኩል ይከፍላሉ። አንዱ የሚከፍለው ለእረፍት ከያዘው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ሲሆን፣ ሌላዋ የምትከፍለው ከእቁብ በወጣላት ወይም ከዘመድ በተበደረችው ነው።

ክፍያው ምን ምንን ያጠቃልላል?

ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል የሚወስደውን አውቶቡስ፣ ክፍሉን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ የጥበቃውን ወጪና በሁለተኛውና በስምንተኛው ቀን የሚደረጉትን ሁለት ምርመራዎች።

አሥር ቀን ከተባለ አሥራ አንድ ሌሊት ከየት መጣ?

የገቡበት ቀን ዜሮ ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። ከዚያ ቀጥሎ አሥር ሙሉ ቀን ይቆጠራል። በምርመራው ቫይረሱ ከተገኘ ደግሞ ቆጠራው ከምርመራው ቀን እንደገና ይጀምራል። ለተጨመረው ለእያንዳንዱ ቀን የመጀመሪያው ሰው 152፣ ተጨማሪው ሰው 41፣ ልጅ ደግሞ 12 ፓውንድ ይከፍላል። ታሞ ለሚቆይበት ሌሊት ሰውን ማስከፈል ከደንቡ ሁሉ የከፋው አንቀጽ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማንም በፈቃዱ አይታመምም።

ቪዛ ያላት እናቴ ለጉብኝት መምጣት ትችል ነበር? ገንዘቡን እኔ እከፍል ነበር።

አትችልም ነበር። ከቀይ መዝገብ አገር እንዲገቡ የተፈቀደላቸው የብሪታንያ ወይም የአየርላንድ ዜጎችና በብሪታንያ የመኖሪያ መብት ያላቸው ብቻ ናቸው። የጉብኝት ቪዛ የያዘ ሰው የሆቴሉን ዋጋ እጥፍ እከፍላለሁ ቢልም መልሱ ያው ነበር። ለመታረስ የቀረበች ልጃቸውን ሊያርሱ ትኬት ቆርጠው የነበሩ ስንት እናቶች ቀሩ። ስለ ለይቶ ማቆያ ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ናቸው፤ እስከ በሩ እንኳን ያልደረሱት አይታወሱም።

ቦሌ ላይ አውሮፕላን ብቻ የቀየረ ሰውስ?

እሱም ይገባል። ደንቡ የሚጠይቀው ባለፉት አሥር ቀናት በቀይ መዝገብ አገር ውስጥ ነበርክ ወይ፣ ወይም በዚያ በኩል አልፈሃል ወይ ብሎ ነው። ከአክራ ወይም ቀይ ባልሆነ አገር ካለ ሌላ ከተማ ተነስቶ ቦሌ ላይ ለሁለት ሰዓት የቆየ ሰው አዲስ አበባ ወር ከተቀመጠ ሰው እኩል ነበር። በዶሃና በዱባይ በኩል መዞርም አያድንም፤ ሁለቱም እስከ ነሐሴ 2 ቀን 2013 (ኦገስት 8) ድረስ መዝገቡ ላይ ነበሩ።

በሦስተኛ አገር አሥር ቀን ተቀምጦ መግባት ይቻል ነበር ይባላል። እውነት ነው?

በሕግ ይቻል ነበር፤ ብዙ ሰውም ሞክሮታል። አሥር ቀን ቀይ ባልሆነ አገር ያሳለፈ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ ራሱን ለይቶ እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል። ሂሳቡም ያጓጓል፦ በርካሽ ከተማ የአሥር ቀን ሆቴልና ምግብ ከ1,750 ፓውንድ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ እንደ ልብ መውጣትና መግባትም አለ።

ችግሩ መዝገቡ ባለበት የማይረጋ መሆኑ ነው። ኬንያ ሚያዝያ 1 (ኤፕሪል 9) ገባች። ኢስታንቡልን እንደ መሸጋገሪያ የያዙት ደግሞ ግንቦት 4 (ሜይ 12) ቱርክ መዝገቡ ላይ ስትጻፍ ደነገጡ። ካይሮ ይሻላል ያሉት ሰኔ 1 (ጁን 8) ግብፅ ተከተለችባቸው፤ በዚያው ቀን ሱዳንና ባሕሬንም ተጨመሩ። ወሳኙ እንግሊዝ የሚያርፉበት ቀን ነው እንጂ ትኬቱን የቆረጡበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ሰባተኛውን ቀን ኢስታንቡል ላይ ሲቆጥር የነበረ ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ደንቡ ከመጽናቱ በፊት የተወደደ ትኬት ገዝቶ መሮጥ፣ ወይም የኢስታንቡሉንም የለንደኑንም ሆቴል መክፈል። ቱርክ፣ ግብፅና ኬንያ የወጡት መስከረም 12 ቀን 2014 (ሴፕቴምበር 22) ነው።

የአውሮፓ ከተሞችስ የሚል ይኖራል። አብዛኞቹ በዚያ ወቅት ለቱሪስት በራቸውን ዘግተው ስለነበር ያ መንገድ የሚጠቅመው የአውሮፓ ዜግነት ወይም መኖሪያ ለነበረው ነው።

የሚገርመው፣ በሦስተኛ አገር የሚያሳልፈው ሰው በአሥሩ ቀን ገበያ ይወጣል፣ አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ሌላ አውሮፕላን ይሳፈራል። ከበሽታ ጥበቃ አንጻር ከአዲስ አበባ በቀጥታ ገብቶ ቤቱ ከሚቀመጥ ሰው በምን እንደሚሻል አሳማኝ መልስ አልሰማሁም።

የነበርኩበትን አገር ሳልናገር ብገባስ?

ያደረጉም ነበሩ። ከመግባት በፊት በሚሞላው የመንገደኞች ቅጽ ላይ የነበሩበትን አገር መደበቅ እስከ አሥር ዓመት እስር ሊያስከትል ይችላል ተብሎ ታውጆ ነበር። ከሆቴሉ መጥፋት ወይም አልገባም ማለት ከ5,000 እስከ 10,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ፓስፖርቱ ላይ የቦሌ ማኅተም እያለ መዋሸት ጀግንነት አልነበረም።

ክፍሉ ውስጥ ቀኑ እንዴት ያልፍ ነበር?

ከአውሮፕላን ማረፊያው ልጀምር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከቀይ አገር የመጣውና ከሌላው የመጣው በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ ሰልፍ ለሰዓታት ይቆም ነበር። ለቀይ መዝገብ መንገደኞች ሂትሮው ላይ የተለየ ተርሚናል የተሰጣቸው ከግንቦት መጨረሻ (ጁን 1፣ 2021) በኋላ ነው፤ መጀመሪያ ሦስተኛው፣ ቀጥሎ አራተኛው።

ሆቴሉን መንገደኛው አይመርጥም። ባለ አምስት ኮከብም ሆነ ከመንገድ ዳር ያለ፣ ዋጋው አንድ ነው፤ አውቶቡሱ የሚያወርድበትን የሚያውቀው ሲደርስ ነው። ክፍሉ ለአንድ ሌሊት አዳሪ ታስቦ የተሠራ ነው፦ አልጋ፣ ጠባብ ጠረጴዛ፣ ብዙ ጊዜ የማይከፈት መስኮት። ምግቡ በወረቀት ከረጢት ከበሩ ፊት ይቀመጣል፤ ይንኳኳል፤ ያመጣው ሰው እስኪርቅ ተጠብቆ ይከፈታል። ክፍሉን የሚያጸዳ አይገባም፤ አንሶላና ፎጣ ተጠይቆ በር ላይ ይደረጋል። የምርመራው መሣሪያም በር ላይ ይመጣና ራስህ አፍንጫህንና ጉሮሮህን ጠርገህ ትመልሳለህ።

ለመናፈስ መውጣት ይፈቀዳል፣ ግን ከጥበቃ ጋርና በተራ። ተራው ለአንዳንዱ በቀን አንዴ ይደርሳል፣ ጥበቃ ባነሰበት ሆቴል ጭራሽ ሊዘለል ይችላል። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ዙሪያውን መዞር ነው፤ ቢሆንም ሰው ያንን አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠብቀዋል።

ከሦስተኛው ቀን በኋላ ሰዓት ይጠፋል። ይህን ያለፉ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ የሚከብደው ብቸኝነቱ ሳይሆን ለማንኛውም ነገር ማስፈቀዱ ነው። ውኃ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የልጅ ዳይፐር፣ ሁሉም ስልክ ተደውሎ ነው። በተለይ ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ወላጆች አሥር ቀን በአንድ ክፍል እንዴት እንዳለፈ ሲጠየቁ መልስ ሳይሆን ሳቅ ነው የሚያስቀድሙት።

የጾም ምግብ ይገኝ ነበር? ቤተሰብ እንጀራ ማምጣት ይችላል?

ቀድሞ ላሳወቀ ከእንስሳት ውጤት ነጻ የሆነም ሐላልም ምግብ ይቀርባል። በዓቢይ ጾምና በፍልሰታ የተመለሱ ሰዎች ያገኙት ግን በአብዛኛው የቀዘቀዘ ፓስታና ሰላጣ ነው። ከውጭ ምግብ ማዘዝም፣ ዘመድ ዕቃ በእንግዳ መቀበያው በኩል እንዲያደርስ ማድረግም ይቻላል፤ ቤት የተሠራ ምግብ መቀበል አለመቀበል ግን እንደ ሆቴሉ ይለያይ ነበር። ብልሆቹ ድርቆሽ፣ በሶና ሚጥሚጣ በሻንጣቸው ይዘው ገብተዋል። የሆቴል ክፍል ውስጥ ያለችው የሻይ ማፍያ ለበሶ ታጥባ ስትሠራ ያየ፣ ያመሰግናታል።

ለለቅሶ የሄደ ሰው የተለየ አስተያየት አይደረግለትም ነበር?

አይደረግለትም። ደንቡ የሚያውቀው የኀዘን ፈቃድ በእንግሊዝ ውስጥ ያለን ነው፦ ሆቴል ውስጥ ያለ ሰው አስቀድሞ አስፈቅዶ የቅርብ ቤተሰቡ ቀብር ላይ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ወይም ደብረ ማርቆስ ቀብሮ የመጣውን ግን ከመክፈልም ከመቀመጥም የሚያድን አንቀጽ የለም።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ቅሬታ። ዋጋው የተተመነው መንገደኛ ሁሉ ሽርሽረኛ እንደሆነ ተቆጥሮ ነው፤ መሄድ ካልፈለግክ አትሂድ ይላል። እኛ ዘንድ ግን በዚያ ዓመት ከተጓዘው መካከል ብዙው የሄደው ተደውሎለት ነው። አባቱ የሞተበት ሰው አስልቶ አይሄድም። ተመልሶም በወጉ ሊጽናና የሚገባው ሰው ወንድም እህት ሳያየው፣ ዕድርተኛ ሳይደርሰው፣ ብቻውን በተዘጋ ክፍል ኀዘኑን ይቀመጣል፤ ለዚያም ይከፍላል። ለንደን ያሉ ዘመዶች ከሆቴሉ ማዶ መንገድ ላይ ቆመው በመስኮት እጅ እየነሱ በስልክ ያስተዛዘኑበት ጊዜ ነበር።

ሁለቱንም ክትባት የወሰደ ሰው ነጻ ይሆን ነበር?

አይሆንም። ከቀይ አገር ለመጣ ክትባት ለውጥ አላመጣም።

መክፈል ያልቻለ ሰው ምን ይሆናል?

በገቢ ላይ የተመሠረተ የመንግሥት ድጎማ የሚያገኙ ሰዎች ክፍያውን በአሥራ ሁለት ወርኃዊ ክፍያ እንዲከፋፍሉ ማመልከት ይችሉ ነበር። ዕዳው አይሰረዝም፣ ይራዘማል እንጂ። ከድጎማው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያገኘው ሠራተኛ ነው መሐል ላይ የቀረው፦ ድሀ ነህ ተብሎ አይራዘምለትም፣ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ለመክፈልም የለውም።

ሌሎች አገሮችስ ያስከፍሉ ነበር?

ይለያያል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት ለአሥራ አራት ቀን ከአንድ ጎልማሳ 3,000 የአውስትራሊያ ዶላር ይቀበል ነበር፤ ኒውዚላንድ 3,100 የራሷን ዶላር፣ ያውም ክፍል ለማግኘት በመስመር ላይ በዕጣ መሰለፍ ተጨምሮበት። የዌሊንግተን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ያ የዕጣ አሠራር የዜጎችን ወደ አገር የመግባት መብት ያለ በቂ ምክንያት ነክቷል ሲል ፈርዷል። ካናዳ ሦስት ሌሊት ብቻ ስትጠይቅ፣ ወጪው ከ2,000 የካናዳ ዶላር ሊያልፍ እንደሚችል አስጠንቅቃ ነበር። እስራኤል በወረርሽኙ መጀመሪያ የከፈተቻቸውን የኮሮና ሆቴሎች ያስተዳደረው የሠራዊቱ የውስጥ ግንባር ዕዝ (ፒቁድ ሃዖሬፍ) ሲሆን ወጪው የመንግሥት ነበር።

ስለ ሜልበርን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በ2020 እ.ኤ.አ. ቫይረሱ ከሁለት የለይቶ ማቆያ ሆቴሎች አምልጦ ወጥቶ የቪክቶሪያን ሁለተኛ ማዕበል አስነሳ። በጁላይ መጀመሪያ በፍሌሚንግተንና በሰሜን ሜልበርን ዘጠኝ የመንግሥት የመኖሪያ ሕንፃዎች በፖሊስ ተከበቡ፤ በውስጣቸው ከነበሩት ወደ 3,000 የሚሆኑ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች ናቸው፣ የእኛም ሰዎች ይገኙባቸዋል። የግዛቱ የሕዝብ ዕንባ ጠባቂ ኋላ ላይ ያ ድንገተኛ መዘጋት ሰብዓዊ መብትን የጣሰ ነበር ብላለች። ከውጭ ያልመጡ፣ ሆቴልም ያልገቡ ሰዎች ናቸው የተዘጋባቸው።

ኢትዮጵያም ብትሆን ከዚህ ውጭ አልነበረችም። የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በአሥረኛው ቀን፣ መጋቢት 14 ቀን 2012፣ ወደ አገር የሚገባ መንገደኛ ሁሉ በራሱ ወጪ በስካይላይት ወይም በግዮን ሆቴል አሥራ አራት ቀን እንዲቆይ ታዘዘ። ከዓረብ አገሮች በገፍ የተመለሱት ወገኖች ግን ተማሪዎቻቸው በተበተኑ ዩኒቨርሲቲዎች ነው ያረፉት፤ ከእነዚያ ላይ ማን ምን ይጠይቃል? በኋላ አሠራሩ ላልቶ የምርመራ ወረቀት ለያዘ ሰው ቤት ውስጥ መቀመጥ ተፈቀደ።

ለመሆኑ መንገደኛን ለይቶ አስቀምጦ ማስከፈል በዓለም አቀፍ ሕግ ይፈቀዳል?

የዓለም የጤና ድርጅት አባላት የተስማሙበትና ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አንቀጽ 40 አለ። መንገደኞችን ለይቶ ለማቆየት ክፍያ አይጠየቅም ይላል፤ ከዚህ የሚለየው ጊዜያዊ ወይም ቋሚ መኖሪያ ለመጠየቅ የሚመጡትን ነው። ይህ ተጽፎ እያለ ሀብታም አገሮች በሙሉ ልብ አስከፈሉ። ድርጅቱ አገሮችን የሚቀጣበት ሥልጣን ስለሌለው አንቀጹ ወረቀት ላይ ቀረ፤ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ደግሞ ዳኛ የሚመለከተው የራሱን አገር ሕግ ነው።

እንደገና ቢታወጅ ምን ላዘጋጅ?

ብሪታንያ ይህን ደንብ ያወጣችበት የ1984ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ አሁንም በሥራ ላይ ነው፤ አዲስ ደንብ ለማውጣት ሳምንታት አይፈጅም። እንደዚያ ባለ ሰሞን የሚጓዝ ሰው ሊለወጥ የሚችል የመመለሻ ትኬት ይቁረጥ፤ ጥቂት ተጨማሪ ፓውንድ ቢያስወጣም መዝገቡ በተለወጠ ማግስት ዋጋውን ያወጣል። የጉዞ መድን ውሉን ያንብብ፦ በመንግሥት ትእዛዝ የሚመጣ የሆቴል ወጪን አብዛኞቹ አይሸፍኑም። የዓመት ዕረፍቱን ሲያስፈቅድ ለአሠሪው አሥር ቀን ሊጨመር እንደሚችል በጽሑፍ ይንገር፤ በዚያ ዓመት ከሆቴሉ ዋጋ ይልቅ ያልተከፈለው ደመወዝ የጎዳቸው ነበሩ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ከጉዞው ቀን በላይ የሚበቃ በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ልጆች ያሉት ደግሞ ክፍል ሲመዘግብ የሚያገናኝ በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች መጠየቅ እንደሚችል ይወቅ፤ ያልጠየቀ አይሰጠውም።